በፎቶግራፉ ዳር ያለው እጅ

መሀል ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ትልቅ ድርጅት የኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አራት ወንዶች ቁም ሣጥን በሚያህል ማሽን ፊት ጎንበስ ብለው፣ አራቱም አንድ ቦታ እያዩ ፎቶ ተነስተዋል። ከሥሩ የአራቱም ስም ከነአባታቸው ተጽፏል። በግራ በኩል፣ ከፎቶግራፉ ዳር፣ አንድ እጅ ብቅ ብሏል። የሴት እጅ ነው። አመልካች ጣቱ ተዘርግቷል። ከእጅጌው ላይ ተቆርጧል፤ ፊት የለውም፣ ስምም የለውም። ያ እጅ የእትዬ ኢዲት ሃሎራን እጅ ነው። ከሁሉ በፊት ይህ በደል እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። የቀረውን የምጽፈው ከዚህ በኋላ ነው።

እትዬ ኢዲት ባለፈው ጥር፣ ዝናቡ ሳያባራ በሰነበተበት ሳምንት፣ ማውንት ቤከር ሰፈር ባለው ቤታቸው ዐርፈዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛቸውን ከባችሁ ሒሳብ ከተማራችሁት መካከል ከከተማው ወጣ ብላችሁ ወደ ሊንውድና ወደ ፌደራል ዌይ ሄዳችሁ ኑሮ የጀመራችሁ፣ መርዶው ያልደረሳችሁ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ቤት ደውለን ያነሳልን የስልክ ማሽን ብቻ ነው፤ ለማሽን ደግሞ መርዶ አይነገርም። ስለዚህ በጽሑፍ ልንገራችሁ። ዘግይቶ የደረሰው ሰው እንዳያዝንብን።

እኔ የተማርኩት ጥቂት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ቤት ነው። ስለ ሒሳብ ሊቅ ለመጻፍ የምበቃ ሰው አይደለሁም። የሚበቁት ሰዎች ግን ዝም አሉ። እኔም ጠበቅኳቸው፤ አርባቸው ሊወጣ ሲል መጠበቁን ተውኩት።

እትዬ ኢዲትን ያወቅኳቸው በልጄ በሶስና በኩል ነው። ሶስና በዲቪ መጥታ፣ ቆየት ብላም እኔን አስመጥታ፣ አቅመ ደካማ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየሄደች ትረዳ ነበር። ቤት ብቻዬን ስቀር ስለማይሆንላት አንድ ጠዋት ይዛኝ ሄደች። በሩ ላይ ቆማ «እማ፣ ሶፋው ላይ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ምንም እንዳትነኪ፣ ኦኬ?» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ግን ሴትየዋ ጣታቸው በብርድ ደንዝዞ ኩባያቸውን ማንሳት ሲያቅታቸው አየሁና ተነስቼ እጃቸውን ይዤ ማሸት ጀመርኩ። ሶስና ክው አለች፤ እዚህ አገር ሰው ሳይፈቅድ አይነካም። እትዬ ኢዲት እጄን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ሌላኛውን እጃቸውን ሰጡኝ።

ሶስና ኋላ ሊንውድ ሌላ ሥራ አግኝታ ስትሄድ እኔ እዚያው ቀረሁ። የእኔና የእሳቸው ቤት ሁለት መንገድ ብቻ ስለሚራራቅ ጠዋት እየሄድኩ ማታ እመለሳለሁ። እጃቸውን በየቀኑ ቅባት እየቀባሁ አሻቸው ነበር። የቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት ከላይኛው አንጓ ላይ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ በልጅነታቸው በር ተዘግቶበት ነው። በደንብ ያልተገጠመ አጥንት ስለሆነ ክረምት ሲገባ ይጠዘጥዛቸዋል። ስለዚህ ያንን ጣት ከልጆቼ ጣት አስበልጬ አውቀዋለሁ። ይህንን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

እንዴት ትግባቡ ነበር የሚሉኝ አሉ። የእኔ እንግሊዝኛ የወጥ ቤትና የሱቅ ነው። የእሳቸው አማርኛ ደግሞ «እሺ» እና «በቃ» ነበር። ረዘም ያለ ነገር ሲኖር ሶስና ወይም ታክሲ የሚነዳው ከድር ያስተረጉምልናል። የቀረውን በዓይን እንጨርሰዋለን። ባዶ ስማቸውን መጥራት ስላልሆነልኝ «እትዬ» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። ታላቅ እህት ማለት ነው ተብሎ ተነገራቸው። እሳቸው እህት ኖሯቸው አያውቅም። ከዚያ ወዲህ እትዬ ካላልኳቸው አይሰሙኝም፤ ሲጠሩኝም «የሺ» ይሉኛል፣ ከሙሉ ስሜ ከየሺመቤት የቻሉት ያንን ስለሆነ።

ስለ ሥራቸው ለብዙ ጊዜ አልነገሩኝም። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ይመስሉኝ ነበር። ነገሩን ያወቅኩት በነጠላ ምክንያት ነው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሳቸው ጋ ጎራ አልን፣ ሶስናና እኔ። እትዬ ኢዲት ነጠላዬን አዩና ድሮ ምን ይሠሩ እንደነበር ሊያሳዩኝ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ነጠላውን ከትከሻዬ ወስደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ መሀል ወለሉ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። «እኔ አሁን ማሽን ነኝ። አለባበሱን ንገሪኝ። ያልሽኝን አደርጋለሁ፤ ያላልሽኝን አላውቅም» አሉ። ሶስና ተረጎመችልኝና «በቃ ጨዋታ ነው እማ» አለች።

ምን ችግር አለው ብዬ «ነጠላውን ይያዙት» አልኳቸው። በሁለት ጣት ጫፉን ይዘው ቆሙ። «ይልበሱት» አልኩ። አልተንቀሳቀሱም። ማሽኑ መልበስ የሚባል ነገር አያውቅም አለችኝ ሶስና እየሳቀች። «እሺ ትከሻዎ ላይ ያድርጉት» አልኩ። ጠቅልለው አንድ ትከሻቸው ላይ እንደ ከረጢት ጫኑት። «ይዘርጉት እንጂ!» አልኩ። አውርደው ወለሉ ላይ ዘረጉልኝ፣ ያንን የመሰለ ነጭ ነጠላ። ተናደድኩ። «ሆን ብለው ነው ወይ?» ብዬ ሶስናን ጠየቅኳት። እሳቸው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ቀጣዩን ትእዛዝ ይጠብቃሉ።

ብዙ ለፋን። በመጨረሻ ሁለቱንም ትከሻቸውን ሸፍኖ፣ ጫፉ ወደ ኋላ ተጥሎ፣ ነጠላው ነጠላ መሰለ። እኔም እፎይ ብዬ ቀና ስል ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሟል። እንዲህ የሚለበሰው ለሀዘን ነው። «ያውልቁት እትዬ፣ ማን ሞቶ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሶስና በሳቅ ፈርሳ ካሜራዋን አወጣችና አነሳቻቸው። ምን እንደሆነ ሲነገራቸው እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ቁጭ ብለው ያሉትን ሶስና ቃል በቃል ነግራኛለች፦ «ማሽኑ አልተሳሳተም። ጥለቱ በየት በኩል እንደሚሆን አልነገርሽውም። አንቺ ስለምታውቂው እሱም የሚያውቅ መሰለሽ። የእኔ ሥራ ይኼ ነበር፤ እኔ የማውቀውን እሱ እንደማያውቅ አለመርሳት።»

የዚያን ቀን ነው ሁሉንም የሰማሁት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወጣት ሆነው ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተምረው ጨርሰዋል። ያኔ ሒሳብ ያጠናች ሴት ሥራ ስትጠይቅ የሚሰጣት የሌላ ሰው ስሌት ማጣራት ነበር። ድርጅቱም ለዚያ ቀጠራቸው። ከዓመታት በኋላ ያ ቁም ሣጥን የሚያህለው ማሽን ተሠርቶ መጣ። ዛሬ በየቤቱ እየገባ ያለው ኮምፒውተር ቅድመ አያት ማለት ነው። አካሉን የሠሩት ወንዶቹ ናቸው፤ እትዬ ኢዲት ያንን ክደው አያውቁም። ተሠርቶ ሲያልቅ ግን ማሽኑ ቆመ። ከየት እንደሚጀምር፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ፣ የት እንደሚያቆም የሚነግረው ሰው ያስፈልግ ነበር። ያንን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ራሳቸው ማሽን እየሆኑ፣ ያቺን ጠማማ ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ መስመር በመስመር እያስኬዱ፣ የጎደለ ትእዛዝ እስኪያገኙ ድረስ ይሄዳሉ። ሲያገኙ ያስተካክላሉ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳሉ። በመጨረሻ ማሽኑ ሠራ። ሰዎቹ ተጨባበጡ፤ ፎቶግራፍ አንሺም ተጠራ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የተማራችሁ ያቺን ጣት ታስታውሷታላችሁ። ትምህርቱን የጀመረው ከድር ነው። ከድር ከወሎ የመጣ፣ እዚህ ኮሌጅ ለመግባት ሒሳቡ የከበደው ልጅ ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን እኔን ታክሲው ውስጥ አስገብቶ ሲያደርሰኝ እትዬ ኢዲት በመስኮት አይተው ግባ አሉት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓደኛውን ይዞ መጣ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ሞላ። ኤርፖርት የምታጸዱ፣ ፓርኪንግ የምትጠብቁ፣ የሰው ልጅ የምታሳድጉ፣ ከእኔ አገር ልጅም ከሌላውም አገር ልጅ፣ መስቀል ያሰረም ሂጃብ የለበሰም፣ ሁላችሁም እዚያ ነበራችሁ። አማርኛችሁም በየአገራችሁ ዜማ ነበር።

ሰው ሲሳሳት «ተሳስተሃል» አይሉም። የጻፈውን ይቀበሉና ጣታቸውን እያስኬዱ፣ ከራሳቸው ምንም ሳይጨምሩ፣ የተጻፈውን ብቻ ይሠራሉ። ተማሪው ከጎናቸው ቆሞ ወዴት እየወሰዳቸው እንደሆነ ራሱ ያየዋል። አንድ ጊዜ ከድር ከዚህ ፌደራል ዌይ ለመድረስ የሚፈጀውን ሰዓት አስልቶ አመጣ። እትዬ ኢዲት በጻፈው መሠረት ሄዱ፣ ሄዱና «ከድር፣ ከመነሳትህ በፊት ደርሰሃል» አሉት። ከድርም ራሱን እያከከ «እንግዲህ አውራ ጎዳናው፣ አይ-ፋይቭ፣ ባዶ ሆኖልኝ ይሆናላ» አለ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ግን ወረቀቱን መልሰው ሰጡትና የት ጋ እንደጠፋ ራሱ እስኪያገኘው ድረስ አብረውት ተቀመጡ።

በረመዳን እኔ እንደወትሮው ሻይ ላቀርብ ስነሳ እጄን ያዙኝ። ከድርና ሌሎቹ እስኪሄዱ ድረስ ሻይ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልቀረበም። ማንም አልነገራቸውም ነበር፤ ልጆቹ ውሃ እንደማይጠጡ አይተው፣ ምክንያቱን ሶስናን በስልክ ጠይቀዋታል። ሻይ ካልጠጡ ራሳቸውን የሚያማቸው ሰው እንደነበሩ የማውቀው እኔ ነኝ።

አሁን ወደ በደሉ ልመለስ።

ባለፈው መኸር፣ ያ ድርጅት የድሮውን ማሽን ለሕዝብ ሊያሳይ እንደሆነ በቴሌቪዥን ተነገረ። እትዬ ኢዲት ድምፁን ከፍ አድርጊ አሉኝ። በማግስቱ ሶስናን በመኪና እንድትወስዳቸው ለመኗት። በዚያ ቀን ግራጫ ካፖርታቸውን ለበሱና ደረታቸው ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀውን የብር ጌጥ ሰኩ። መስታወት ፊት ቆመው አቃኑት። ዛሬም ያንን ጌጥ ሳስብ ልቤ ይወጋኛል። አንድ ነገር ጠብቀው ነበር የሄዱት።

አዳራሹ ውስጥ ማሽኑ በገመድ ታጥሮ ቆሟል። ፎቶግራፉ ከጎኑ ነው። እኔ ማሽኑ ምንም አልመሰለኝም። ፎቶግራፉን ግን ሳይ ያንን እጅ አየሁት። ጣቱ ከላይኛው አንጓ ወደ ውጭ ታጥፏል። ዞሬ እትዬ ኢዲትን አየኋቸው። እሳቸው ከእኔ ቀድመው አይተውታል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያነባሉ፤ አጭር ጽሑፍ ነው፣ እሳቸው ግን ብዙ ቆዩበት።

የሚያስጎበኝ ክራባት ያሰረ ወጣት ነበር። ሶስናን «የማን እጅ ነው ብለሽ ጠይቂልኝ» አልኳት። እሷም «እማ፣ ፕሊስ» አለች። ዓይኔን አይታ ጠየቀችልኝ። ወጣቱ ፈገግ ብሎ ረዳት ሳትሆን እንዳልቀረች፣ ስሟ እንዳልተገኘ ነገረን። እኔ ከዚያ በላይ መታገስ አልቻልኩም። የእትዬ ኢዲትን ጓንት አውልቄ፣ እጃቸውን ይዤ፣ ከፎቶግራፉ አጠገብ አደረግኩት። «እኚህ ናቸው። ሴትየዋ እዚህ ቆመዋል» አልኩ። ወጣቱ ባለጌ አልነበረም፤ ይህንን መናገር አለብኝ። እጁንም ፎቶግራፉንም አየ። ያኔ ብዙ ሴቶች እዚያ ይሠሩ እንደነበር፣ በጣት ብቻ ጽሑፍ መቀየር እንደማይቻል፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መመስከር እንዳለበት በትሕትና አስረዳን። እኔ መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት እትዬ ኢዲት እጃቸውን ከእጄ አወጡ። «በቃ» አሉኝ፣ በእኛው ቋንቋ።

መኪና ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን «ጣቴን ልትነቅዪው ነበር እኮ» ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ። እኔ አልሳቅኩም። ፎቶግራፉ ላይ ካሉት ሦስቱ ሞተዋል፤ አራተኛው ሚስተር ዋልተር በሕይወት አሉ፣ እዚሁ ሊንውድ ናቸው። ይህንን የነገሩን ራሳቸው እትዬ ኢዲት ናቸው። «ታዲያ ዛሬውኑ ኮል እናድርግላቸዋ!» አለች ሶስና። እትዬ ኢዲት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዋልተር ያውቃል። እኔ ጠይቄው ከተናገረ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ራሱ ይበለው» አሉ።

ስለዚህ ጠበቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ሲጮህ ቀና ማለት ጀመሩ። በፊት እንደዚያ አያደርጉም ነበር፤ ስልክ ሲጮህ «አንሺው የሺ» ብለው ወደ ወረቀታቸው ይመለሱ ነበር። ኤግዚቢሽኑ በጋዜጣም በቴሌቪዥንም ሲወራ ነው የከረመው፤ ሚስተር ዋልተርም ተጠይቀው በቴሌቪዥን ሲናገሩ አየናቸው። ስለ ማሽኑ ክብደት ተናገሩ። ስለ ሙቀቱ ተናገሩ። እትዬ ኢዲት እስከ መጨረሻው አዩትና «አርጅቷል» ብቻ አሉ። በቁጣ አልነበረም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በጥር ሳንባቸው ታመመ። ሆስፒታል መሄድ እምቢ አሉ። ቅዳሜ ልጆቹ መጥተው በር ላይ ቆመው ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት እጃቸውን እያሸሁ ሳለ ዐረፉ። ሁለቱም እጃቸው ሞቆ ነበር።

የወንድማቸው ልጅ ከሌላ ስቴት መጥቶ ቀበራቸውና በነጋታው ተመለሰ። እኔ ግን ለቅሶ ሳይቀመጡላቸው አይሆንም አልኩ። የእድራችን ሊቀ መንበር ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ደንብ ያከብራሉ። «እማማ የሺ፣ ሴትየዋ አባላችን ናቸው እንዴ?» አሉኝ። «የእርስዎ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነበር የሚውለው?» አልኳቸው። አዳራሹ ተፈቀደ።

ለቅሶ ቤት ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። ሰው ገብቶ የሚያየው፣ የሚያለቅስበት ፊት ያስፈልገዋል። እትዬ ኢዲት የራሳቸውን ፎቶግራፍ የማያስቀምጡ ሰው ነበሩ፤ ቤቱን ብፈትሽ አንድም አጣሁ። ስለዚህ ከድርን ይዤ ወደዚያ አዳራሽ ተመለስኩና ሙሉውን ፎቶግራፍ እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ፣ እጁ ብቻ ያለበትን ሳይሆን ሴትየዋ ያሉበትን። ያው ወጣት አሁንም በትሕትና ያላቸው ያ የተቆረጠው ብቻ እንደሆነ፣ ያልተቆረጠው የት እንደገባ እንደማይታወቅ ነገረን። ከመሄዴ በፊት ለከድር «የማን እጅ ነው የሚለውን በእንግሊዝኛ አስጠናኝ» አልኩት። ታክሲው ውስጥ፣ ቤት እስክንደርስ አስጠናኝ።

ለቅሶው ላይ የቆመው ፎቶግራፍ ሶስና ያነሳችው ሆነ፤ ነጠላውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው የለበሱበት። ሌላ አልነበረንም። ሰው እየገባ ያያል፣ ግራ ይጋባል። አንዲት ከፌደራል ዌይ የመጡ እናት ጠጋ ብለው «ለማን አዝነው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ እንዴት እንደ ከረጢት እንደተሸከሙት፣ ወለል ላይ እንደዘረጉት። አጠገባችን ያሉት ሰሙ፣ ሌላውም ሰማ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ተሳቀ። ከዚያ ከድር ተነስቶ ስለ እሳቸው ሊናገር ፈልጎ አልቻለም፤ ጣቱን አየር ላይ እንደ እሳቸው ማስኬድ ጀመረና ፊቱን ሸፈነ።

ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞው ያ አዳራሽ ሄጄ ፎቶግራፉ ፊት እቆማለሁ። ማክሰኞ መግቢያው ነጻ ነው። አጠገቤ ለሚቆም ሰው ሁሉ፣ በተማርኳት እንግሊዝኛ፣ «ይቅርታ፣ የማን እጅ ነው?» እላለሁ። ሰዉ ጠጋ ብሎ ያያል። ብዙዎቹ እጁን ያየሁት አሁን ነው ይላሉ። ሄደው ወጣቱን ይጠይቁታል። እሱም የተለመደውን ይመልሳል። እዚያ የሚሠሩት «የእጇ ሴትዮ መጣች» እንደሚሉኝ ከድር ነግሮኛል። አሁን ሲያዩኝ ወንበር ያመጡልኛል። ወንበሩን እቀበላለሁ፤ ጥያቄዬን ግን አልተውኩም። ይህንን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ከፎቶግራፉ ሥር ያለው የአራት ሰው ስም ነው።

እትዬ ኢዲት፣ እንግዲህ ለእርስዎ የምነግርዎት አንድ ነገር ቀርቶኛል።

አትጠይቂው ብለውኝ ነበር። ራሱ ይበለው ብለው እስከ መጨረሻው ጠበቁ፤ እኔም በሕይወት እያሉ ቃልዎን አክብሬ አፌን ዘጋሁ። አሁን ግን የሚጠብቅ ሰው የለም። የሚስተር ዋልተርን ስልክ ሶስና ከስልክ ማውጫ ላይ አገኘችው። ባለፈው ሳምንት ከድር ወደ ሊንውድ ወሰደኝ። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር፤ ከድር «ዛሬ ከመነሳታችን በፊት አንደርስም እማማ» ብሎ አስታወሰኝ።

ሚስተር ዋልተር በአረጋውያን መኖሪያ ቤት፣ መስኮት አጠገብ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ማረፍዎን አልሰሙም ነበር። ስነግራቸው ሁለቱንም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ለድርጅቱ እንደሚናገሩ ቃል ገቡልኝ፤ ይናገሩ አይናገሩ አላውቅም። ቢናገሩም እርስዎ ስልኩ ሲጮህ ቀና ብለው አይሰሙትም። እኔን የሚቆጨኝ ይኼ ነው፣ ወደፊትም የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ጌጡን ሰክተው የሄዱበት ቀን ነበር መነገር የነበረበት።

ደህና ይረፉ እትዬ። በዚያ በኩል ብርድ እንዳይኖር እመኛለሁ፤ ጣትዎን የሚያሽልዎ ሰው እንዳያጡም። ነጠላዬን አርባዎ እስኪወጣ ድረስ እርስዎ እንደለበሱት፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ለብሼዋለሁ።

የዚያን ቀን ከድር ከአዳራሹ ፎቶግራፍ ላይ ያነሳትን ትንሽ ፎቶግራፍ ሚስተር ዋልተር ጉልበት ላይ አስቀመጥኩና ለሁሉም እንደምለው፣ በተማርኳት እንግሊዝኛ፣ የማን እጅ ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። የራሳቸውን ጣት የእርስዎ ጣት ላይ አሳረፉ። የመለሱልኝን ከድር እርስዎ እንዳስተማሩት፣ ከራሱ አንድም ቃል ሳይጨምር እንዲህ ሲል ነገረኝ፦

«የኢዲት ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ሥራ ላይ ያላችሁ ምሰሉ አለን፤ እኛ ወዴት ማየት እንዳለብን አላወቅንም። እሷ አሳየችን።»